በማስታገሻ የተገኘ ጊዜ የማን ነው?

ሄሮን ስሙን ያገኘው ከአንድ እግረ ረጅም የውኃ ወፍ ነው። በጅቡቲ ከተማ ከባሕሩ ዳር የተዘረጋው ይህ ሰፈር ኤምባሲዎች፣ የድርጅት ጽሕፈት ቤቶችና በግንብ የታጠሩ ሰፋፊ መኖሪያ ቤቶች የሚበዙበት ነው። በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ከጸሐፊውና ከሒሳብ ሠራተኛው ሌላ ዘበኛው፣ አትክልተኛው፣ ሾፌሩ፣ ወጥ ቤቷና የጽዳት ሠራተኛዋ በየዕለቱ ይውላሉ፤ ከእነርሱም ጥቂት የማይባሉት ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። በብዙ ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ ወይም ሻይ ከሚፈላበት ክፍል በር አጠገብ፣ ነጭ መስቀል ያለበት አንድ አረንጓዴ ሣጥን ተሰቅሎ ይታያል። ሲከፈት ፋሻ፣ ጥጥ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ጓንትና የቁስል ማጽጃ ይገኝበታል። ከእነዚህ ሥር ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አለ፤ ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ፣ ግማሹ የተወሰደ የክኒን እሽግ።

ይህ ክኒን እዚያ መገኘት ይገባዋልን? ጥያቄው መጀመሪያ ሲሰሙት የንብረት ክፍል ጉዳይ ይመስላል። ሲመረምሩት ግን ከጥንታውያን የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ወደ አንዱ ያደርሳል፤ ይኸውም የሰውን ሥቃይ ለማቅለል እጃችንን ስንዘረጋ ምን እየሰጠን እንደሆነና ለማን ጥቅም እንደምንሰጥ የማወቅ ግዴታ አለብን ወይ የሚለው ነው።

በዚህ ጉዳይ ዓለም በአንድ ሐሳብ አልጸናም። የእንግሊዝ የሥራ ጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ክኒንም ሆነ ሌላ መድኃኒት በመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ውስጥ እንዳይቀመጥ ለአሠሪዎች ይመክራል። ፈረንሳይ የሥራ ቦታ ሕክምናን እ.ኤ.አ. በ1946 በሕግ ያቋቋመች አገር እንደ መሆኗ፣ በእርሷ ልማድ አሠሪው ስለ ሣጥኑ ይዘት የሚማከረው ከሥራ ቦታ ሐኪሙ ጋር ነው። በአሜሪካ ደግሞ የሣጥኑን ይዘት የሚዘረዝረው የኢንዱስትሪ ደረጃ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒቶችን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። መድኃኒቱ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን፣ ተከፍቶ እንደሆነ በሚያስታውቅ እሽግ፣ ከነመግለጫው እንዲቀመጥ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ንጥረ ነገርም እንዳይኖርበት ይጠይቃል። አንዱ ልማድ በሩን ይዘጋል፤ ሌላው በሩን ከፍቶ ዘብ ያቆማል።

በትርጉም ሥራ የምተዳደር በመሆኔ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎችን ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ በየጊዜው እጠየቃለሁ። በአንድ ወቅት የደረሰኝ ጽሑፍ «በዚህ ሣጥን ውስጥ ማናቸውንም መድኃኒት ማስቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ነበር። ዐረፍተ ነገሩ አጭርና ግልጽ ነው፤ ለመተርጐም አያስቸግርም። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ማስታወቂያው በተሰቀለበት ክፍል፣ ከሣጥኑ ሁለት ክንድ በማይርቅ የጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ክኒን ነበረ፤ ሠራተኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ ራሱን ያመመው ሁሉ ከዚያ ይወስዳል። ሕጉ ከግድግዳው ላይ፣ ኑሮው ከመሳቢያው ውስጥ ነበሩ።

ክልከላው ግን ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በመጀመሪያ የስምን ጉዳይ እንመልከት። በዚህ ከተማ አንድ መድኃኒት በብዙ ስም ይኖራል። የፈረንሳዩ ዶሊፕራን፣ በዐረብ አገር የለመድነው ፓናዶል፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው ፓራሲታሞል በውስጣቸው ያለው አንድ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከዚህ መድኃኒት ከ4 ግራም በላይ እንዳይወስድ ይመከራል፤ ይህም ባለ 500 ሚሊግራም ከሆነ ስምንት ፍሬ፣ ባለ 1000 ከሆነ አራት ፍሬ ብቻ ነው። ጧት ከቤቷ ባለ 500 ፓራሲታሞል ሁለት ውጣ የወጣች ሴት፣ በምሳ ሰዓት ከባልደረባዋ ባለ 1000 ዶሊፕራን እንደ ልማዷ ሁለት ብትቀበል፣ ማታ ሁለት ፓናዶል፣ ከመኝታ በፊትም ሌላ ሁለት ብትጨምር፣ በእርሷ ግምት ሦስት ልዩ ልዩ መድኃኒት ሞክራለች። ጉበቷ የሚቈጥረው ግን አንድ መድኃኒት ነው፤ መጠኑም 5 ግራም ደርሷል። ከመጠን ያለፈ ፓራሲታሞል ጉበትን እስከ መግደል ይደርሳል፤ ጉዳቱም በመጀመሪያው ቀን ይህ ነው የሚባል ምልክት ላያሳይ ይችላል። በሦስት ስም የተጠራ አንድ ነገር ሦስት መስሎ ሲታይ እንዲህ ያደርጋል።

ሁለተኛው ምክንያት ትኩሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ በዓመቱ 27 ብቻ ነበር፤ አገሪቱም ወባን ጨርሶ ለማጥፋት ተቃርባ ነበር። በዚያው ዓመት አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው፣ መነሻዋ እስያ የሆነችና በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው የወባ ትንኝ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚሁ ተገኘች። በ2020 የሕመምተኞቹ ቊጥር ከ73,000 በላይ ሆነ። በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጀርባም ይህችው ትንኝ ተገኝታለች። ድሬዳዋ ከዚያ ቀደም በ2013 የዴንጊን ወረርሽኝ አይታለች፤ ዴንጊ ለጅቡቲም እንግዳ አይደለም። በዴንጊ ጊዜ አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን የመድማትን አደጋ ስለሚያባብሱ እንዲወገዱ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

እንግዲህ «ትንሽ አተኮሰኝ» ብሎ ወደ ሣጥኑ የሚመጣው ሠራተኛ ጉንፋን ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ወባ ወይም ዴንጊም ሊሆን ይችላል። ከእሽጉ ያገኘው አስፕሪን ቢሆን ሊጎዳው ይችላል። ፓራሲታሞል ቢሆን ደግሞ ትኩሳቱን ያወርድለታል፤ ትኩሳቱ ሲወርድም የደም ምርመራው ለነገ ይተላለፋል። ወባ ነገን ሁልጊዜ አይጠብቅም።

ሦስተኛው የአየሩ ጠባይና የሥራው ዐይነት ነው። በክረምቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍና ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲነሣ፣ የአትክልተኛው ራስ ምታት ከውኃ ጥም የመጣ ሊሆን ይችላል። ውኃ ላጣ ሰውነት ኢቡፕሮፌን መስጠት ኩላሊቱን መጫን ነው፤ እርሱን የሚያድነው ጥላ፣ ዕረፍትና ውኃ ነበር። ለአፍንጫ ፈሳሽ የሚወሰደው ክሎርፌኒራሚን እንቅልፍ ያመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ጋላፊ መሪ ለሚጨብጥ ሾፌር እንቅልፍ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ክኒኑ ራሱም ቢሆን ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ተብሎ የሚጻፍበት ነው፤ ፀሐይ ሲመታው በሚውል የዘበኛ ቤት ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ሣጥን ይህን ሊያከብር አይችልም።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያው መከልከሉ ደግ ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን ክልከላ ክኒኑን አያጠፋውም፤ ቦታውን ያስለውጠዋል እንጂ። ከሣጥን ወደ መሳቢያ፣ ከመሳቢያ ወደ ቦርሳ፣ ከቦርሳ ወደ ኪስ ይሸጋገራል። በተሸጋገረ ቊጥርም የበለጠ አደገኛ ይሆናል፤ ከእሽጉ ተቈርሶ የወጣ አንድ ፍሬ ስሙ፣ መጠኑና የሚያበቃበት ቀን አብረውት የሉምና። ክልከላው የአሠሪውን እጅ ያነጻል፤ አንድ ጥፋት ቢደርስ «እኛ ከልክለን ነበር» የሚልበት ወረቀት ይኖረዋል። ጲላጦስም እጁን ታጥቦ ነበር። የታጠበ እጅና የረዳ እጅ ግን ሁለት ናቸው።

ክልከላውን የሚመክሩት ራሳቸው እንኳ አንድ ቀዳዳ ትተዋል። ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲጠረጠር፣ አስፕሪን የማይስማማው ካልሆነ በቀር፣ አምቡላንስ እስኪደርስ 300 ሚሊግራም አስፕሪን ማኘክ ሕይወት ሊያተርፍ ስለሚችል፣ በእንግሊዝ የሠለጠነ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪ ይህን እንዲያቀርብ ይፈቀድለታል። በዚያች ደቂቃ ባዶ ሣጥን ደንብን ያከበረ ሣጥን ነው፤ ሰውን ግን አላገዘም። በዚህ ላይ የኑሮው ነገር አለ። በቀን ሒሳብ ለሚከፈለው ሠራተኛ ወደ ክሊኒክ መሄድ የምርመራ ዋጋና የቀን ደሞዝ ማጣት ነው። ለእርሱ «ሐኪም ጋ ሂድ» የሚለው ምክር እውነት ቢሆንም፣ ገንዘብና ጊዜ ካልተጨመረበት በር መዝጋት ነው። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቊጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ግዴታው ክኒን በማስቀመጥ ወይም በመከልከል ብቻ ይፈጸማል ወይ የሚለው ግን ለኅሊና የተተወ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ የሚያስተምረን ነገር ያለ ይመስለኛል። ክኒን የሚለው ቃል መነሻው ኪኒን ነው፤ የወባው መድኃኒት ስም። አያቶቻችን ያንን መራራ ፍሬ ስላወቁ፣ ከእርሱ በኋላ የመጣውን እንክብል ሁሉ በእርሱ ስም ጠሩት። ዛሬ ግን ወባን ለማዳን የመጣ ስም፣ ወባን ሊሸፍን የሚችለው ማስታገሻ መጠሪያም ሆኗል። መድኃኒት የሚለውም ቃል «ድኅነ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ፣ ከመዳን ጋር የተዛመደ ታላቅ ቃል ነው፤ ሆኖም ያንኑ ቃል ይዘን የአይጥ መድኃኒት እንላለን። ግሪኮችም ፋርማኮን በሚለው አንድ ቃላቸው ፈውስንም መርዝንም ይጠሩ ነበር። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ የተስማሙበት ነገር አለ፤ የሚያድነውና የሚጎዳው በአንድ ዕቃ ውስጥ ይኖራሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ማስታገሻ የሚለው ቃል ነው። እንግሊዝኛ ይህንኑ ነገር የሕመም ገዳይ ይለዋል፤ ፈረንሳይኛ ፀረ ሕመም ይለዋል። የእኛ ቃል ግን የወጣው ከመታገሥ ነው። ማስታገሻ ሕመሙን አይገድለውም፤ ሕመሙን እንዲታገሥ ያደርገዋል። የታገሠ ነገር ደግሞ አልሄደም፤ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በዚህ ረገድ አማርኛ ከመድኃኒት ማስታወቂያዎቹ ይልቅ እውነተኛ ነው። ክኒኑ የሚሰጠን ነገር ጊዜ ነው፤ አራት ሰዓት፣ ቢበዛ ስድስት ሰዓት፣ ሕመም ዝም ያለበት ጊዜ።

እንግዲያው ዋናው የሥነ ምግባር ጥያቄ ክኒኑ በሣጥን ይኑር ወይስ አይኑር ከሚለው አልፎ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ በማስታገሻ የተገኘው ጊዜ የማን ነው? ሕመሙ ጋብ ሲል ሠራተኛው ያንን ጊዜ ወደ ምርመራ ለመሄድ፣ ለማረፍ ወይም ውኃ ለመጠጣት የሚጠቀምበት ከሆነ፣ ክኒኑ በእርግጥ ለእርሱ ተሰጥቷል። ያንን ጊዜ ወደ ወንበሩ፣ ወደ መጥረጊያው ወይም ወደ መሪው ለመመለስ ብቻ የሚጠቀምበት ከሆነ ግን ክኒኑ የተሰጠው ለሥራው ነው፤ ሠራተኛው የዋጠው ለሌላ ሰው ነው። የሰጪው ልብ ደግ ሊሆን ይችላል፤ ስጦታው ግን አድራሻውን ስቷል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይህ ምክር ለሕመምተኛው የተነገረ ነው፤ ይሁን እንጂ በሽታውን እንዲደብቅ ለሚያግዘው፣ ደብቆም እንዲውል ለሚያስገድደው ጭምር ሊነገር ይገባል።

በዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ሠራተኛው አዋቂ ሰው ነው፤ ስለ ራሱ አካል ራሱ ይወስን። ክኒኑ ማዘዣ የማይጠየቅበት ነው፤ ከመድኃኒት ቤት ገብቶ ሊገዛው ይችላል። አሠሪው ወይም ባልደረባው ማን ሆኖ ይጠይቀዋል?» ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ሠራተኛን እንደ ልጅ መቊጠር የቆየ በደል ነው፤ የድኻን ሕመም እርሱን ሳይጠይቁ መወሰን ደግሞ በቤታችንም በመሥሪያ ቤታችንም የለመድነው ነው።

ነገር ግን «ነፃ» የሚለውን ቃል እናጢነው። ፈረንሳዮች ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን መድኃኒት «ቫንት ሊብር»፣ ነፃ ሽያጭ፣ ይሉታል። ይህችው ፈረንሳይ ግን እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ፓራሲታሞልን፣ ኢቡፕሮፌንንና አስፕሪንን ደንበኛው ራሱ አንሥቶ ከሚወስድበት መደርደሪያ አውጥታ ከመድኃኒት ባለሙያው ጀርባ አስቀመጠቻቸው። ሽያጩን አልከለከለችም፤ ማዘዣም አልጠየቀች። ያደረገችው በሰውና በክኒን መካከል ሌላ ሰው ማቆም ነው፤ «ሌላ የወሰዱት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው። የሥራ ቦታው ሣጥን የጎደለው ይህ ሰው ነው። ነፃነት ማወቅን ይፈልጋል፤ እምቢ ማለት መቻልንም ይፈልጋል። መግለጫው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈበት፣ ቢያርፍ ደሞዙ የሚቀነስበት ሠራተኛ ክኒኑን ሲውጥ መርጧል ለማለት ይከብዳል።

በአንጻሩ መጠየቅም የራሱ አደጋ አለው። የወር አበባ ሕመም የያዛት ወጣት የጽዳት ሠራተኛ፣ ቁልፉን ለያዘው ወንድ አለቃ ምክንያቷን እንድትናገር ከተገደደች፣ ሕመሟን ችላ መዋልን ትመርጣለች። ነፍሰ ጡር መሆኗን ገና ያልገለጸች ሴት ደግሞ ኢቡፕሮፌን እንዳይሰጣት የምታስከለክለው ምስጢሯን በማውጣት ከሆነ፣ ከጤናዋና ከእንጀራዋ አንዱን እንድትመርጥ ተፈርዶባታል። ስለዚህ ጠያቂው አለቃ ባይሆን ይሻላል፤ መልሱም መዝገብ ላይ የሚወርድ መሆን የለበትም። ጥያቄው የሚቀርበው ሠራተኛው ለራሱ እንዲመልሰው ነው።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። ሣጥኑ መድኃኒት የሚይዝ ከሆነ ጥላ ባለበት፣ ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ ይሁን፤ መድኃኒቱም በእሽጉ እንዳለ፣ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ይቀመጥ። በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ሠራተኞቹ በሚያነቡት ቋንቋ ሁሉ፣ በፈረንሳይኛ፣ በዐረብኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛ፣ አንድ ካርድ ይለጠፍ። ካርዱ አራት ጥያቄ ብቻ ይያዝ። ዛሬ በሌላ ስምም ቢሆን ይህንኑ መድኃኒት ወስደሃል ወይ? ትኩሳት አለህ ወይ? ካለህ ከክኒኑ በፊት የወባ ምርመራ አስብ። መሪ ትጨብጣለህ ወይም ከፍታ ላይ ትወጣለህ ወይ? ነፍሰ ጡር ነሽ፣ ወይም የጉበት፣ የኩላሊት፣ የጨጓራ ሕመም አለብሽ ወይ? ከዚህ በታች ደግሞ አሠሪው የሚፈርምበት አንድ መስመር ይጨመር፤ «ከዚህ ሣጥን ክኒን የወሰደ ሠራተኛ ለማረፍ ወይም ለመመርመር ፈቃድ አለው፤ ደሞዙም አይነካበትም» የሚል። ያለዚህ መስመር የቀሩት ጥያቄዎች ሁሉ ምክር ሆነው ይቀራሉ። ይህን መስመር ለመፈረም የማይፈቅድ አሠሪ፣ ክኒኑን ለማን እንዳስቀመጠው ራሱን ይጠይቅ።

ለባልደረባውም የሚተርፍ ነገር አለ። «እኅቴ፣ ራሴን አሞኛል፤ ክኒን ይኖርሻል?» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ከክኒኑ በፊት የሚፈልገው የሚሰማው ሰው ነው። ቦርሳን ከፍቶ አንድ ፍሬ ማቀበል ከሁሉ የሚቀል ነው፤ ሁለቱም ወገን ቶሎ ይገላገላሉ። ከበድ የሚለው «ከመቼ ጀምሮ ነው? ውኃ ጠጥተሃል? ምን ወስደህ ነበር?» ብሎ ሁለት ደቂቃ መቆም ነው፤ አስፈላጊ ሲሆንም «ጋሼ፣ እርስዎ ወደ ክሊኒኩ ይሂዱ፤ በሩን እኔ እጠብቃለሁ» ማለት ነው። አገራችን «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚል አባባል አላት። አባባሉን ለልቅሶና ለችግር ጊዜ ስንጠቅሰው ኖረናል፤ ለራስ ምታትም ይሠራል። በሰውና በክኒን መካከል የሚቆመው ሰው ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም፤ የሚጠይቅና በተገኘው ጊዜ የባልደረባውን ሥራ የሚሸፍን ከሆነ ይበቃል።